አዲሱ ኮምፓይለር ፊደላችንን ያላወቀ ጊዜ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አቶ መኮንን ወንበር ሳይሰጡኝ ሥራ ሰጡኝ። ቢሮው ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ፣ ምድር ቤቱ መድኃኒት ቤት በሆነ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አቶ መኮንን የድርጅቱ ባለቤትም፣ ሥራ አስኪያጅም፣ ዋና ፕሮግራመርም ነበሩ። ዲፕሎማዬን ገልብጠው አዩና መለሱልኝ። ከዚያ አንድ ዲስኬት እጄ ላይ አኖሩ።

«ይቺ ፕሮግራም አልነሳ ብላለች። አስነሺያት» ብለውኝ ወጡ።

ቆሜ ጀመርኩ። ፕሮግራሙ የአንድ ትምህርት ቤት የተማሪ ውጤት መመዝገቢያ ነበር። ችግሩ መሀል ላይ የተረሳ አንድ ምልክት ሆኖ ተገኘ። አቶ መኮንን ከምሳ ሲመለሱ ፕሮግራሙ ተነስቶ አገኙት።

«ማን ረዳሽ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ከጎረቤት ወንበር አምጪና ተቀመጪ» አሉኝ። የቅጥር ቃለ መጠይቄ ይኸው ነበር።

ለማያውቀው አንባቢ፣ ኮምፓይለር ማለት እኛ የምንጽፈውን ኮድ ማሽኑ ሊሠራበት ወደሚችል ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም ነው። አናጢ ያለ መጋዝ እንደማይሠራ እኛም ያለ እሱ አንሠራም። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ይህ ቅየራ ጊዜ ይፈጅ ነበር። ቁልፉን ተጭነን ሻይ ልንጠጣ እንወርዳለን። ስንመለስ ወይ ጨርሶ ይጠብቀናል፣ ወይ ስህተት አግኝቶ ቆሟል፣ ወይ መብራት ሄዷል።

በጀማሪ ፕሮግራመርነት ገብቼ ፕሮግራመር፣ ቀጥሎም ከፍተኛ ፕሮግራመር ሆንኩ። እኛ ቤት የደረጃ ዕድገት በደብዳቤ አይመጣም ነበር። አቶ መኮንን ባለጉዳይ ፊት «ይህንን እሷ ትንገርዎት» ያሉ ቀን ማደጋችንን እናውቃለን።

የምንሠራበት ቋንቋ ከውጭ የመጣ ነው። ሠሪዎቹ ጳጉሜን አያውቁም። ከሀ ቀጥሎ ለ እንደሚመጣም አያውቁም። ስለዚህ የሚጎድለውን ራሳችን መጻፍ ነበረብን። በየድርጅቱ ያለ ፕሮግራመር ሁሉ ያንኑ ነገር ለየብቻው ሲጽፍ ኖሮ፣ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት አብነት ሰፈር፣ ቶሌራ የሚባል ጓደኛችን ሱቅ መሰብሰብ ጀመርን።

ቶሌራ ኮምፒውተር እየጠገነ ለሱቆችና ለትምህርት ቤቶች ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ነበር። ወላጆቹ ከአምቦ የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን አብነት ተወልዶ አብነት ያደገ ነው። ነገር አይቸኩልም። ጥያቄ ስትጠይቁት መጀመሪያ የያዘውን ብሎን አጥብቆ ይጨርሳል። ጎረቤቱ ብረታ ብረት ቤት ስለነበር ብየዳ ሲጀመር የሁላችንም ስክሪን ይርገበገብ ነበር።

እዚያ የጋራ መሣሪያዎቻችንን ተከፋፈልን። ስሞችን በፊደል ተራ የሚያሰልፈውን እኔ ጻፍኩ፤ «አሰላፊው» አሉት። የዘመን መቁጠሪያችንን የሚያውቀውን ቶሌራ ጻፈ። የማተሚያውንና የቁልፍ ሰሌዳውን ሌሎች ያዙ። የፈለገ ይወስዳል፣ ጉድለት ያገኘ ለሠሪው ይነግራል። በመጀመሪያ በዲስኬት፣ ቀጥሎ በፍላሽ፣ ኢንተርኔት ሲሻሻል ደግሞ በኢሜይል ቡድናችን እንለዋወጥ ነበር።

አቶ መኮንን መጀመሪያ አልወደዱትም።

«የእኛን ሥራ ለተወዳዳሪዎቻችን በነፃ ነው የምትሰጪው?»

«አሰላፊውን ብቻዬን ብይዘው ቀን መቁጠሪያውን ከማን አመጣለሁ?» አልኳቸው። «የእርስዎ ሦስት ፕሮግራሞች በቶሌራ ቀን መቁጠሪያ ነው የሚሠሩት።»

እስከዚያ ድረስ ቅዳሜ ስወጣ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ስወጣ ሰዓታቸውን አላዩም።

ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ የምኮራበት ለአንድ የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ የሠራሁት የክትባት መከታተያ ነው። ክሊኒኩ ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ የነበረ ነው። የክትባት ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ዘውዴ ነበሩ። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፤ ሲቆጡ ያደርጉታል። ፕሮግራሙን ሳሳያቸው ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«እናትየዋ ካርዱ ጠፍቶባት ብትመጣ፣ በልጇ ስም ብቻ ላገኘው እችላለሁ?»

«ይችላሉ።»

«እንግዲያው ሌላውን ቀስ እያልሽ ታስረጂኛለሽ» አሉኝ።

ለዓመታት ያለ ችግር ሠራ። ሕፃኑ መቼ እንደሚመለስ፣ የትኛውን ክትባት እንደወሰደ፣ የትኛው እንደቀረው በአማርኛ ያሳያል። የቀጠሮ ወረቀትም ያትማል።

ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ ክሊኒኩ በእርዳታ አዳዲስ ኮምፒውተሮች አገኘ። በዚያው ሰሞን የቋንቋችን አዲስ ኮምፓይለር ወጣ። አሮጌው ኮምፓይለር የሠራው ፕሮግራም በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ አልነሳ አለ። ስለዚህ ኮዱን በአዲሱ ኮምፓይለር እንደገና አሠራሁትና ክሊኒኩ ወስጄ ከፈትኩት። በስም ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ወጣ። የአባት ስምም፣ የእናት ስምም፣ ቀበሌውም የጥያቄ ምልክት ነበር።

ሲስተር ዘውዴ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ልጄ፣ ልጆቹ የት ሄዱ?»

ምክንያቱ ይህ ነው። ማሽን እያንዳንዱን ፊደል የሚያውቀው በቁጥር ነው፤ በድሮው ዘመን ግን ለእኛ ፊደል ቁጥር አልነበረውም። እኛ የፈረንጁን ፊደል ቁጥሮች ወስደን፣ መልካቸውን በፎንት፣ ማለትም የፊደልን ቅርጽ በሚወስነው ፋይል፣ ቀይረን፣ አማርኛ እናስመስል ነበር። የፈረንጁ ፊደል ብዛት ስለማይበቃን አንዳንዱን ሆሄ በሁለት ቁጥር እንገጣጥመዋለን። ለዓይን አማርኛ ነው፤ ለማሽኑ ግን ትርጉም የሌለው የፈረንጅ ፊደል ነው። አዲሱ ኮምፓይለር ደግሞ ጽሑፍን ሁሉ ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ነው የሚይዘው። በዩኒኮድ እያንዳንዱ የግዕዝ ሆሄ የራሱ ቁጥር አለው። መልካም ዜና ነበር፤ ስንጠብቀው የኖርነው። ነገር ግን የድሮውን ጽሑፋችንን ሲያገኝ የማያውቀውን ሁሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ቀየረው።

እንደ ዕድል ሆኖ የሠራሁት በቅጂ ላይ ስለነበር ዋናው ፋይል አልተነካም። ቢሆንም ፕሮግራሙ ቆሟል። የኩፍኝ ክትባት ዘመቻም እየቀረበ ነበር።

አቶ መኮንን ነገሩን ሰምተው ቶሎ ወሰኑ።

«ስሞቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ። ኮምፓይለሩ እሱን ያውቀዋል። ባንኮቹም እንደዚያ ነው የሚሠሩት።»

«የድሮዎቹ ስሞችስ?»

«ቀስ በቀስ ይገለበጣሉ። ሌላ መንገድ ካለሽ ንገሪኝ።»

ዘመቻው ስለቀረበ እንዳሉት አደረግሁ። ነርሶቹም የመጡትን ሕፃናት በእንግሊዝኛ ፊደል መመዝገብ ጀመሩ።

አንድ ጠዋት ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ለማየት ክሊኒኩ ሄጄ ከመመዝገቢያው መስኮት ኋላ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ወጣት እናት ልጇን በሻል ጠቅልላ መጣች። የልጁ ስም ጸጋዬ ነው። መዝጋቢዋ ነርስ ጻፈችው፤ የለም። በሌላ አጻጻፍ ሞከረች፤ የለም። ያለፈው ወር የመዘገበችው ሌላ ነርስ ነበረች፤ እሷ ጸጋዬን በየትኛው የእንግሊዝኛ ፊደል እንደምትጀምር ማንም አያውቅም።

«እዚህ አልተመዘገበም» አለቻት ነርሷ። «ምናልባት ሌላ ቦታ ይሆናል ያስከተብሽው?»

«እዚሁ ነው። አንቺ አይደለሽም፤ ሌላዋ ናት የወጋችው።»

«ኮምፒውተሩ ላይ ግን የለም።»

እናትየዋ ሻሉን ገለጥ አድርጋ የልጁን ፊት አሳየች። «ይኸው እኮ አለ» አለች፤ ሳትቆጣ።

ሲስተር ዘውዴ ከውስጥ ወጥተው ልጁን ተቀበሏት፣ ክንዱን አዩ፣ እናትየዋን በጥንቃቄ ጠየቁ። የትኛው ክትባት እንደቀረው በእሷ ቃል ተማምነው ሰጡት። ከሄደች በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ በዚህ ዓይነት አንዱን ሁለት ጊዜ እንወጋለን፣ አንዱን ጭራሽ እንዘላለን። እኔ ስም በስሙ የሚጻፍበት ፕሮግራም ነው የምፈልገው። ካልቻላችሁ ወደ ወረቀቱ እመለሳለሁ።»

ይህ ቃላቸው ከየትኛውም የአለቃ ቁጣ በላይ ከበደኝ። ቢሮ ሄጄ አቶ መኮንንን ተቀምጬ ነገርኳቸው።

«መሣሪያዎቻችንን ሁሉ ለአዲሱ ኮምፓይለር ማደስ አለብን። የእኔን ብቻ ሳይሆን የቡድኑን ሁሉ። አንዱ ካልታደሰ ሌላው አይሠራም።»

«የክሊኒኩ ዘመቻ እስኪጀመር ነው ያለሽ ጊዜ» አሉኝ። «ካልደረሰ ውጭ አገር የተሠራውን ፕሮግራም ይገዛሉ፤ እኔም አልከለክላቸውም።»

ቅዳሜ አብነት ስደርስ ሱቁ ሞልቶ ነበር። ጉዳዩን ዘርዝሬ አስረዳኋቸው። ብዙዎቹ አልፈለጉም። ከሁሉም በላይ ያልፈለገው ቶሌራ ነበር።

«የእኔ ደንበኞች ሁሉ በአሮጌው ነው የሚሠሩት። እየሠራ ነው። ለምን እነካዋለሁ?»

«ማሽናቸው ሲበላሽ አዲስ ይገዛሉ። ያን ጊዜ እንደ እኔ ክሊኒክ ይሆናሉ።»

«ያን ጊዜ ይታያል።»

«ያን ጊዜ ሁሉም በአንድ ላይ ይመጡብሃል፣ ቶሌራ። አሁን የእኔ አንድ ናት።»

የያዘውን ማቀዝቀዣ ፋን አጽድቶ ቦታው መለሰ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ጎተተ።

«የድሮውን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይረው ማን ይጽፈዋል?» አለ። በዚህ መስማማቱን አወቅን።

ቀያሪውን እኔና ቶሌራ ያዝን። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የያዙትን መሣሪያ ለማደስ ተነሱ። ተራ ነበረው፤ መጀመሪያ ቀያሪው፣ ከዚያ አሰላፊውና ስም ፈልጎ የሚያወጣው «ፈላጊው»፣ መጨረሻ ማተሚያው። የቀያሪው ጣጣ በሁለት ቁጥር የተገጣጠሙት ሆሄያት ነበሩ። ማሽኑ አንድ ሆሄ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ማወቅ አለበት፤ ካላወቀ «ጫላ» ተሰብሮ ሌላ ነገር ይሆናል። ሆሄያቱን ሁሉ በድሮው ፎንት አትመን፣ እያንዳንዱን ከዩኒኮድ ቁጥሩ ጋር አስተያየን። ቶሌራ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ስንደክም እንቀያየራለን። ብየዳው ሲጀምር ኮዱን አስቀምጠን እንጠብቃለን።

ስሞቹ መጀመሪያ በትክክል የወጡ ቀን ክሊኒኩ ነበርን። በእንግሊዝኛ ፊደል የገቡትንም ነርሶቹ አስቀድመው በአማርኛ ጽፈው ሰጥተውን ነበር። ወርቅነህ፣ ጫላ፣ ጸጋዬ፣ ፀሐይነሽ፤ በሀ ሁ ተራቸው ተሰልፈው ስክሪኑን ሞሉት። ሲስተር ዘውዴ ቀረብ ብለው ጥቂቶቹን ጮክ ብለው አነበቡ። ከዚያ ራሳቸው ተቀምጠው በፈላጊው ሳጥን ውስጥ «ጸጋዬ» ብለው ጻፉ።

ፈላጊው የክሊኒኩን ሕፃናት በሙሉ አመጣላቸው።

«ይሄ እኮ ያለውን ሁሉ ዘረገፈልኝ» አሉ።

ሌላ ስም ሞከርን፤ እንደገና ሁሉንም አመጣ። ቢሮ ተመልሼ ፈላጊውን መስመር በመስመር ተከተልኩት። ጥፋቱ ከእኛ ኮድ አልነበረም። ከኮምፓይለሩ ጋር የሚመጣው የራሱ ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም ሠሪዎቹ አስቀድመው የጻፉልን የኮድ ስብስብ፣ ከተጻፈለት ቃል ውስጥ ፊደል ያልሆነውን ያስወግዳል። ፊደል ነው የሚለው ደግሞ እንደ እንግሊዝኛው ትልቅ ወይም ትንሽ ሆሄ የሆነውን ብቻ ነው። የእኛ ሀ ትልቅም ትንሽም የለውም። ስለዚህ «ጸጋዬ»ን እንደ ነጥብና ሰረዝ ቆጥሮ ጠርጎ ጣለው። የቀረው ባዶ ነው፤ ባዶ ሲፈለግ ደግሞ ሁሉም ይገኛል።

ለቶሌራ ደወልኩለት። ሲሰማ ሳቀ፤ ሲስቅ የሰማሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

«ፊደል አይደላችሁም ተባልን በይኛ» አለ። «በቃ የራሳችንን ፈላጊ እንጻፍና እንለፈው።»

«ለክሊኒኩ እንደዚያ እናደርጋለን። ግን የሚቀጥለው ኮምፓይለር ሲወጣስ? ለሠሪዎቹ እንጻፍላቸው።»

«ማን ይሰማናል?»

«ካልጻፍን ማንም።»

ለክሊኒኩ የራሳችንን ፈላጊ ጻፍን፤ ሠራ። ለሠሪዎቹም የችግሩን መግለጫ አዘጋጅተን በኢንተርኔት ላክን። ከእነሱ አንዱ ፈጥኖ መለሰ፤ ስህተት እንዳልሆነ፣ እንዲህ ተብሎ ታስቦ እንደተሠራ ጻፈ። ጉዳዩንም ዘጋው።

ቶሌራ ሱቅ ሆኜ አነበብኩት፤ ተናደድኩ። መልስ ልጽፍ ስነሳ ቶሌራ ቁልፍ ሰሌዳውን ወደ ራሱ ወሰደው።

«በንዴት አትጻፊ። ሰውዬው አላወቀም እንጂ አልናቀንም። እናሳየው።»

ሁለታችን ጥቂት መስመር ብቻ ያላት ፕሮግራም ጻፍን። ፕሮግራሟ አንድ ቃል ትወስዳለች፤ ኮምፓይለሩ ቃሉ ውስጥ ስንት ፊደል እንዳለ እንዲናገር ትጠይቀዋለች። ቃሉን «ልደታ» አልነው። ትክክለኛው መልስ ሦስት ነው፤ ኮምፓይለሩ ግን ዜሮ ይላል። ከሥሩ በዓለም ላይ ትልቅና ትንሽ ሆሄ የሌላቸው ሌሎች ፊደላትም እንዳሉ፣ ዐረብኛውም ሕንድኛውም በተመሳሳይ መንገድ እንደሚጠፋ ጻፍን። እንዴት እንደሚታረም የሚያሳየውን ኮድም ጨምረን ላክን።

ጥቂት ቀናት አለፉ። ያው ሰው እንደገና ጻፈ። ፕሮግራሟን ራሱ እንዳሠራት፣ እኛ ልክ እንደሆንን፣ ጉዳዩን መዝጋቱ ተገቢ እንዳልነበር ገለጸ። እርማታችንን ትንሽ አስተካክሎ ተቀበለው። ከሁሉም የገረመን ግን ሌላ ነገር ነው። ኮምፓይለሩ ከመውጣቱ በፊት በትክክል መሥራቱ የሚፈተንባቸው ፈተናዎች አሉ፤ የእኛን ፕሮግራም ከእነሱ ጋር ጨመራት። ከዚያ ወዲህ ያ ኮምፓይለር አዲስ በወጣ ቁጥር «ልደታ» ሦስት ፊደል መሆኑን ሳያውቅ አይወጣም።

ቶሌራ መልሱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ወደ ብረታ ብረት ቤቱ ሄዶ ለጎረቤቱ ሲያስረዳው ሰማሁ። ጎረቤቱ ብዙ የገባው አይመስለኝም፤ ግን እጁን ጠርጎ ጨበጠው።

ዘመቻው የተጀመረ ቀን ክሊኒኩ ሄድኩ። ግቢው በእናቶች ተሞልቶ ነበር። መዝጋቢዋ በአማርኛ ትጽፋለች፣ ልጁ ይወጣል፣ የቀረው ክትባት ይታያል፣ የቀጠሮው ወረቀት ይታተማል። በመስኮቱ ላይ ክርክር አልነበረም። ሲስተር ዘውዴ አላናገሩኝም፤ ጊዜ አልነበራቸውም። ከሰዓት ሰው ሲቀንስ ብቻ ወደ እኔ መጡ።

«ዛሬ ማንንም አልመለስኩም» አሉኝ።

እኔ እስከ ዛሬ ካገኘሁት ምስጋና ሁሉ ይህንን እመርጣለሁ።

የታደሱትን መሣሪያዎች በኢሜይል ቡድናችን ለሁሉም ለቀቅናቸው። ከባሕር ዳር፣ ከሐዋሳ፣ ከመቀሌ የማናውቃቸው ፕሮግራመሮች ደወሉ። አንዱ የድሮ ፎንቱ ከእኛ የተለየ ስለነበር ቀያሪው እንዳልሠራለት ነገረን፤ የእሱንም ጨመርንለት። ሌላዋ የትግርኛ ሆሄያት እንደጎደሉ አይታ ራሷ ጽፋ ላከችልን። የቶሌራ ደንበኞችም ማሽናቸውን መቀየር ሲጀምሩ ተራ በተራ እያነሳ ወደ አዲሱ አሻገራቸው። እንዳልኩት በአንድ ላይ ቢመጡበት ኖሮ እንደማይችለው ራሱ ነገረኝ።

አቶ መኮንንም ተለወጡ። አዲስ ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር «የእኛ ልጅ የጻፈችው ኮምፓይለሩ ውስጥ ገብቷል» ማለት አመጡ። የቶሌራን ድርሻ እየዘለሉ ነበር የሚናገሩት፤ እኔ ደግሞ በእያንዳንዱ ጊዜ እጨምርላቸው ነበር። በኋላ ራሳቸው «የእኛ ልጅና አንድ አብነት ያለ ሰው» ማለት ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተቀየረ። በልደታ መልሶ ማልማት ምክንያት ብዙ የማውቃቸው ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው ኮንዶሚኒየም ቆመ። ክሊኒኩም ቦታ ለወጠ፤ ሲስተር ዘውዴ ጡረታ ወጡ። የባቡሩ ድልድይ ሜክሲኮ ላይ ሲሠራ ቢሮአችን በአቧራ ተሸፈነ፤ አቶ መኮንን ኮምፒውተሮቹን በነጠላ እያስሸፈኑ ሥራችንን ቀጠልን። ኮምፓይለሩ ደግሞ በየጊዜው አዲስ እየወጣ ነው። አንዳንዱ ሲወጣ ቀን መቁጠሪያው ይሰበራል፣ አንዳንዱ ሲወጣ ማተሚያው። የፊደሉ ጉዳይ ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተሰበረም።

አሁን ሥራውን የያዙት በዕድሜ ከእኔ በብዙ ያነሱ ፕሮግራመሮች ናቸው፤ ኢንተርኔታቸው ፈጣን ነው፣ ከውጭዎቹ ሠሪዎች ጋርም በየቀኑ ይነጋገራሉ። እኔ ከሥራዬ የተማርኩት ይህ ነው። አዲስ ኮምፓይለር ሲወጣ መጀመሪያ በራሳችሁ ፊደል ሞክሩት። ካልሠራ ለሠሪዎቹ በትንሽ ፕሮግራም አሳዩአቸው፤ እርማቱንም አብራችሁ ላኩ።